ፀሐይ ያላየ አፈር፦ ከደሃና እስከ ጨለማ ክፍላችን

አፈሩን ፀሐይ ሳናሳየው አመጣነው። ይህን መጀመሪያ ልበለውና ሆዴ ይረፍ። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን እስከ መጨረሻው ማጓጓት እንዳለበት አውቃለሁ፤ እኔ ግን ደስታዬን ሸሽጌ የመንገድ ወሬ የማውራት ትዕግሥት የለኝም። ከዋግ ኽምራ፣ ከደሃና ወረዳ፣ ከአንድ የቆየ የድንጋይ እርከን ሥር የወሰድነው አፈር ገደሉንም ኬላውንም አልፎ ላብራቶሪያችን ገብቷል።

ፀሐይ ቢያየው ምን ይሆናል ለሚል ሰው ትንሽ ላስረዳ። እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። በየትኛውም መሬት ውስጥ ጥቂት የተፈጥሮ ጨረር አለ፤ ከፀሐይ ተሸሽጋ የተቀበረች የአሸዋ ቅንጣት ከዚያ ጨረር ጥቂት ጥቂት ጉልበት ታጠራቅማለች፣ ከሚንጠባጠብ ቧንቧ ሥር እንደተቀመጠ ጄሪካን። ፀሐይ ካየች ግን ጄሪካኑ ይደፋና ከባዶ ትጀምራለች። እኛ ቅንጣቷን በጨለማ ወስደን በመሣሪያችን ሰማያዊ ብርሃን ስንነካት ያጠራቀመችውን መልሳ ታበራለች፤ ካበራችው ብርሃንና ከአካባቢው የጨረር መጠን ተነሥተን ለስንት ዘመን እንደተቀበረች እናሰላለን። በዚሁ ጥበብ የራጅ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉትን ባጅ እያነበብን ምን ያህል ጨረር እንዳገኛቸው እንነግራቸዋለን፤ ይህ የዘወትር እንጀራችን ነው። የአፈር ዕድሜ ግን እስካሁን እዚህ ተለክቶ አያውቅም። አፈራችን በካርቶን ታሽጎ ባሕር ይሻገራል፣ ዕድሜው በኢሜይል ይመጣልናል። ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ሞክረን ከሽፎብናል። ከሌላ አካባቢ ያመጣነውን አፈር መንገድ ላይ አንድ ፈታሽ በቀትር ፀሐይ ዘርግፎ አየው፤ አፈር መሆኑን ሲያረጋግጥ በትሕትና መልሶ ጠቅልሎ ሰጠን። በትሕትናው ላይ ምን ይባላል? ከዚያ በኋላ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ታገሠ ታገሠና ቁርጡን ነገረኝ። “እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ዕድሜ አሳይኝ። አንድ ብቻ። ካልሆነ ጨለማ ክፍሉን ለኮምፒውተር ማስተማሪያ እሰጠዋለሁ” አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ ተማሪዎቹ በረንዳ ላይ ነው የሚማሩት። ግን ያ ክፍል ከሄደ ሌላ እንደማላገኝ አውቅ ነበር።

ሰኞ

ሦስት ሆነን ከሐይቅ ዳሯ ከተማችን ማልደን ተነሣን። መኪናውን የሚነዱት ጋሽ ላቀው ናቸው፤ ለሰው ከሚራሩት ይልቅ ለጎማ የሚራሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው። ከኋላ የተቀመጠው ተመስገን ነው፣ የላብራቶሪያችን ቴክኒሽያን። ብዙ ዓመት በጨለማ ስለሠራ ነው መሰለኝ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ይልቅስ በእጁ ያያል። እግሩ ሥር ብረታ ብረት ቤት ያስቆረጥናቸው ቧንቧዎች፣ መዶሻ፣ ጥቁር ላስቲክ፣ ፕላስተርና ግንባር ላይ የሚታሰር ቀይ መብራት ተደርድረዋል።

“ዶክተር፣ ይህን ቧንቧ ያየ ሰው ውኃ ልናስገባ የምንሄድ ይመስለዋል” አሉ ጋሽ ላቀው። ሳቅን። እንዳሉት እንደሚሆን አላወቅንም።

የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ለእኔ መንገድ ማለት ግራና ቀኙ ጤፍ የሆነ ሜዳ ነው። ደብረ ታቦርን አልፈን ወደ ጋይንት ሽቅብ ስንል ግን ሜዳው አለቀ፣ ጃኬቴም አልበቃኝ አለ። ምሳችንን የበላነው ነፋስ መውጫ ነው፣ ስሟን የምታስከብር ከተማ። ሽሮው ሳይበርድብን ለመጨረስ እንደ ተማሪ ተጣደፍን፤ እኛ ዘንድ ምሳ ከተበላ በኋላ ሐይቁ ዳር ጥላ ይፈለጋል፣ እዚያ ግን ሰው ሁሉ ፀሐይ ይሻማል። ማምሻውን ላሊበላ ገባን። ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚያየውን አብያተ ክርስቲያናት እኛ ደጃቸው ደርሰን አላየንም፤ እኛ ያየነው ጎሚስታ ነው። ጋሽ ላቀው የኋላ ቀኙ ጎማ “ቅር ብሎታል” ብለው እስኪመሽ ሲያስጠግኑ ቆዩ።

ማክሰኞ

ቅር ያለው የግራው ኖሯል። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው ጠጠር መንገድ አንድ ዳገት ወገብ ላይ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውን ሲያወርዱት ደግሞ እሱም ነፍስ የለውም። ጋሽ ላቀው ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አድርገው እንደ ሐዘንተኛ ራሳቸውን ያዙ።

እዚያ ዳገት ላይ ቤት አይታይም ነበር፤ ሰው ግን መጣ። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች፣ ቀጥሎ ከማሳው ላይ በሬውን ፈትቶ የመጣ ገበሬ፣ በመጨረሻም አንድ አይሱዙ ሹፌር። ሹፌሩ ሳይለመን ወርዶ የራሱን መሣሪያ አወጣና ከጋሽ ላቀው ጋር እየተጨቃጨቀ የጎማውን ካላማዳሪያ ጠጋግኖ ነፋው። ገበሬው የገብስ ቆሎ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ አምጥቶልን ነበር፤ እያንዳንዳችን እጃችንን ሞልቶ ካልሰጠን አልሄድም አለ። ከሴቶቹ አንዷ ግን የመኪናችንን የኋላ በር አየት አደረገችና “ውኃ መጣልን?” አለችኝ።

ቧንቧውን አይታ ነው። አይደለም፣ የአፈር መውሰጃ ነው ስላት “እንግዲያማ እግዜር ይርዳችሁ” ብላ ፈገግ አለች። ፊቴ ነደደ። ከዚያ በኋላ ቧንቧዎቹን በላስቲክ ሸፈንናቸው፤ ለአፈሩ ብለን ሳይሆን ለሰዉ ብለን።

ሰቆጣ ከሰዓት በኋላ ገባን። መብራት አልነበረም፤ የአልጋ ቤቱ ባለቤት ግን ስለ መብራቱ ይቅርታ እየጠየቁ የቀረውን ሁሉ አሟሉልን። ገና እጃችንን ሳንታጠብ ዳቦና ነጭ ማር ቀረበ። የጎጃም ሰው ፊት ማር ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል፤ ማር ከእኛ ወዲያ የት አለ ባይ ነኝ። አንዴ ቀመስኩት። ሁለተኛ ስቀምስ ተመስገን ቀና ብሎ አየኝ። ሦስተኛ ላይ ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩት፤ ይህንን እናቴ እንዳትሰማ።

ረቡዕ

ደሳለ ጠዋት መጣ። ድሮ አንደኛ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ በኋላ ወደ ግብርና ዞሮ ዛሬ በተወለደበት ወረዳ በደሃና የግብርና ባለሙያ ሆኗል። ስለ እርከኑ የጻፈልኝ እሱ ነው። ከከተማ የሚመጣ ባለሙያ ሁሉ እርከኑን አይቶ “ይህ የቅርብ ጊዜ ዘመቻ ሥራ ነው” ይላል፤ የመንደሩ ሰው ደግሞ አባቶቻችን የሠሩት ነው ይላል። ግንቡ ሲገነባ ሥሩ የተደለደለው አፈር ያን ጊዜ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ አይቷልና፣ ማን ልክ እንደሆነ ከአፈሩ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

መኪናው እስከሚሄድበት ሄድን፤ ከዚያ ጋሽ ላቀው ከጎማቸው ጋር ቀሩ፣ እኛ በእግር። ቧንቧውን አህያ ተሸከመች። ግማሽ መንገድ ላይ ለስላሳ አቧራ አገኘችና ጭነቷን ይዛ ተንከባለለችበት፤ ቧንቧዎቹ በቁልቁለቱ እየተንኳኩ ወረዱ። ደሳለና ተመስገን እየሮጡ ለቀሙ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ዳገቱ ሳቄን ወዲያው መለሰልኝ። የደሃና ሰው “ይቺን ጉብታ አልፈን ነው” ሲል የጎጃም ሰው ተራራ የሚለውን ማለቱ ነው።

ያረፍነው አባ ኪሮስ ቤት ነው። አባ ኪሮስ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዱላቸውን የሚያዩ። ባለቤታቸው እማማ ስንዱ ሳንቀመጥ ውኃ በገበቴ አምጥተው እግሬን ሊያጥቡኝ ተንበረከኩ።

“ኧረ እማማ፣ ይተዉ፣ እኔ እታጠባለሁ!”

“ተይ አንች ልጅ፣ እንግዳ እግሩን ራሱ አይታጠብም” አሉና ቁርጭምጭሚቴን ያዙኝ።

ውኃው የመጣበትን ወንዝ ስንወጣ አይቼዋለሁ፤ ከገደሉ ሥር፣ ሩቅ ነው። እኔ ቤት ቧንቧ ከፍቼ ጥርሴን እየፋቅኩ ስልክ አነሣለሁ። እግሬ እስኪደርቅ አንገቴን አቀርቅሬ ቆየሁ። እራት የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነበር፣ ጾም ነውና፤ እማማ ስንዱ በየጉርሻው “አልበላሽም” እያሉ አራት ሰው የሚያጠግብ አበሉኝ።

ሐሙስ

እርከኑ ያምራል። ተራራው ጫፍ ድረስ እየተደራረበ ወጥቷል፤ ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ አንዱ የሌላውን ጎን እየያዘ ቆሟል። ገብሱ በየመደቡ በቅሏል። የመንደሩ ወንዶች በፈቀዱልን ቦታ፣ አንድ ክፉኛ የተናደ ግንብ አጠገብ፣ ጉድጓድ ቆፈርን፤ በኋላ ግንቡን መልሰን ልናቆም ቃል ገብተን ነው፣ አቁመናልም። እኔ ያነሣሁት ድንጋይ ግን ሁለቴ ፈርሶ ተገንብቷል።

ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ ቧንቧውን በመዶሻ እየመቱ ማስገባት ነው ሥራው። ጥቁር ላስቲኩን ተከናንበን ከሥሩ ገባን። ውጪው ብርድ ነው፣ ላስቲኩ ሥር ግን ምድጃ። ቀይ መብራቱን ግንባሬ ላይ አስሬ፣ ተመስገን ቧንቧውን ይዞልኝ መታሁ። አራተኛው ምት አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። የጮኽኩትን ጩኸት መንደሩ እንደ ሥራው አካል ስለቆጠረው ማንም አልደነገጠም። የቀረውን ተመስገን መታ።

ከግንቡ ሥር ካለው ከዚያው ንጣፍ፣ ጎን ለጎን፣ ብዙ ቧንቧ ሞላን። ሁለቱንም አፋቸውን በጥቁር ላስቲክ አፍነን በፕላስተር ጠቀለልናቸው። ማታ ፍየል ታረደልን። ድካሜን እንዴት ልበላችሁ፣ ጣቴ እንደ ቲማቲም አብጦ በግራ እጄ እየበላሁ፣ “አሁን ማን ይችለናል!” አልኩ። ደሳለም “ማንም” አለ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

ዓርብ

ጠዋት አህያዋን ልንጭን ስንል አባ ኪሮስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ደሳለ ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ።

“ዶክተር፣ አንድ ነገር ሳልነግርዎ…” አለ። እዚያው ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ለእሱ ነገሩ በር ሲገባ ጎንበስ እንደማለት ያለ ስለሆነ ይነገራል ብሎ አላሰበም።

“ከዚህ አገር መሬት የሚወጣ ነገር ሁሉ በሦስት እማኝ ፊት ይከፈታል” አሉ አባ ኪሮስ። “በፀሐይ።”

ምክንያቱንም ነገሩን። በአያቶቻቸው ጊዜ ተሳላሚ መስለው የመጡ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑን ብራና በገብስ ስልቻ ውስጥ ከትተው ነበር። ሽማግሌዎቹ በጨለማ ቤት ውስጥ ስልቻውን ዳስሰው፣ ገብስ ነው ብለው፣ መርቀው ሸኟቸው። ብራናው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ያላየው ነገር ከመንደሩ አይወጣም።

“አባ፣ ይህ አፈር ፀሐይ ካየ አለቀለት” አልኳቸው።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። “አፈር ፀሐይ ሲፈራ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

የጄሪካኑን ነገር አስረዳሁ። ደሳለ የከበደውን በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ደገመላቸው። አባ ኪሮስ ዱላቸውን እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ነገሩስ ገብቶኛል። ውሸታም ነሽም አላልሁ፤ ቤቴ የበላሽ ልጅ ነሽ። ግን በጨለማ ያየ እማኝ፣ እማኝ አይባልም። ላንች ብዬ ሥርዓቱን ባፈርስ ነገ ለሚመጣው ምን እለዋለሁ?”

ልክ ናቸው። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር፤ ይህ ነው ያበገነኝ። ከወይራው ራቅ ብዬ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆምኩ። በሐሳቤ ኃላፊያችን ጨለማ ክፍላችንን ሲያስቀባ፣ ጥቁሩ መጋረጃ ሲወርድ፣ መስኮቱ ሲከፈት ታየኝ። ዕንባዬ መጣ፣ የንዴት ነው። ተመስገን ከኋላዬ መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ዶክተር፣ አንዱን ብናጣ እኮ መንታው አለን” አለ። ጎን ለጎን ከአንድ ንጣፍ የወሰድናቸውን ማለቱ ነው።

ያኔ ነው ብልጭ ያለልኝ። እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት ማለት ይቻላል።

“አባ፣ ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱን አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ በፀሐይ ይክፈቱት። እንደፈለጋችሁ እዩት። የቀሩትን ደግሞ በጨለማ እናንተው በገዛ እጃችሁ ዳስሱና ከዚህኛው ጋር አስተያዩዋቸው።”

ሦስቱ በኽምጣኛ ተከራከሩ። ረዘመ። አንደኛው ሁለቴ ተነሥተው ሁለቴ ተቀመጡ። በመጨረሻ አባ ኪሮስ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

“አንድ ጊዜ ማየት የነበረው ሁለት ጊዜ ሆነ ማለት ነው። ሥርዓቱ አልፈረሰም፣ ተጨመረበት። አምጡት።”

ቧንቧው ተከፈተና አፈሩ ሰፌድ ላይ ተዘረገፈ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አሹት፣ አሸተቱት፣ አንደኛው ቆንጠር አድርገው ቀመሱት። ከዚያ እማማ ስንዱ እንደ ብቅል አሳስተው አሰጡት፤ ዶሮ እንዳይጭረው ራሳቸው አጠገቡ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ያ አፈር ደሃና ያላትን ፀሐይ ሁሉ ጠጣ። በልቤ ተሰናበትኩት።

ከሰዓት የአባ ኪሮስን ቤት አጨለምን። የመንደሩ ጋቢና ደበሎ ተሰብስቦ የበሩ ስንጥቅ፣ የግድግዳው ቀዳዳ፣ የጭሱ መውጫ ሁሉ ተደፈነ። ተመስገን እየዞረ “እዚህ አንድ ጮራ አለ” እያለ፣ መንደርተኛው እየተሽቀዳደመ ይደፍናል። ቀዩ መብራት ሲበራ ሁላችንም ከበርበሬ ማድጋ የወጣን መሰልን። ዶሮዎቹ መሸ ብለው ተራ በተራ ቆጥ ላይ ወጡ።

ተመስገን ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ዳርና ዳሩን፣ ስናሽግ ብርሃን የነካውን፣ ጠርጎ ለየ፤ መሐሉን ንጹሕ ገበቴ ላይ ገለበጠ። ላብራቶሪያችን ስንደርስ የምንሠራው የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነበር፤ አባ ኪሮስ ቤት ተሠርቶ አለቀ። ሦስት የሽማግሌ እጆች ገበቴው ውስጥ ገቡ። በቀይ ብርሃን አዩ፣ ዳሰሱ፣ አሸተቱ፣ በሌላ እጃቸው ከሰፌዱ የዘገኑትን እያስተያዩ። የመጨረሻው ገበቴ ላይ አባ ኪሮስ እጃቸውን አራግፈው፣

“አንድ ነው። አይቻለሁ” አሉ።

ሁለቱም “አይቻለሁ” አሉ። አፈሩ በድርብ ጥቁር ፌስታል ገባ። እማማ ስንዱ ሰም አሙቀው ሰጡ፣ አባ ኪሮስ በየቋጠሮው ላይ አንጠባጥበው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። በሩ ሲከፈት አውራ ዶሮው ነጋ ብሎ ጮኸ፤ በሰፈሩ ያልሳቀ ሰው የለም። እኔ ግን መጀመሪያ እማማ ስንዱን አቀፍኩና ከዚያ ነው የሳቅኩት።

የሰፌዱን አፈር ልተወው ብዬ ነበር። አባ ኪሮስ ለብቻው አስቋጥረው “እሱም ይሂድ፤ ፀሐይ ያየው እሱ ነው” አሉኝ። የሥርዓቱ ነገር ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ

እማኝ የመሰከረለትን ነገር እስከ አገሩ ዳር ይሸኛል፤ ይህም ሥርዓት ነው። ስለዚህ አባ ኪሮስ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው አብረውን ወረዱ፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ገብተው ከጋሽ ላቀው አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱ ወዲያው ተግባቡ፤ አንደኛው ስለ በሬ፣ ሌላው ስለ ጎማ እያወሩ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ኬላው ላይ ገመዱ ተወጥሮ ነበር። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ ግን እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያለው። ጥቁሩን ፌስታል አየ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“አፈር” አልኩ።

“አፈር በጥቁር ፌስታል፣ በሰም ታሽጎ?” አለና ወደ ፀሐዩ አወጣው። “ክፈቱት።”

የትምህርት ክፍላችንን ደብዳቤ አሳየሁት፣ አነበበው፣ መለሰልኝ፤ እጁ ግን ቋጠሮው ላይ ነው። ያ የመጀመሪያው ሙከራ፣ ያ ትሑት ፈታሽ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

አባ ኪሮስ ቀስ ብለው ከመኪናው ወረዱ።

“እንዴት ዋልህ የኔ ልጅ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ዋሉ አባት?” አለ፤ እጁን ከቋጠሮው አንሥቶ እጅ ነሣ።

“እኔ የዚህ ዕቃ እማኝ ነኝ። ተመልከት” አሉና የሰፌዱን አፈር ቋጠሮ ራሳቸው ፈትተው ፊቱ ላይ ዘረጉት። “ይኸ ፀሐይ ያየው ነው፤ ዝርግፍ አርገህ እየው። በዚያ ያለው ፀሐይ ያላየው ወንድሙ ነው። ሁለቱንም በዚች እጄ ዳስሻቸዋለሁ፤ አንድ ናቸው። ሰሙ ላይ ያለው ጣት የኔ ነው። ያላልሁት ነገር ቢገኝበት እኔ እዚሁ ካንተ ጋ እቀመጣለሁ፣ እነሱ ይሂዱ።”

ብለውም አልቀሩ፣ ኬላው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ሄደው ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ወጣቱ የሰፌዱን አፈር በጣቶቹ በተን በተን አደረገው። ጥቁሩን ፌስታል ከላይ ጨበጥ ጨበጥ አደረገ፣ የሰሙን አሻራ አየ፣ አባ ኪሮስን አየ።

“ኧረ ይነሡ አባት” አለ። ገመዱን ራሱ አወረደው።

ጋሽ ላቀው የመኪናውን ጥሩንባ ነፉ። ይህን ያህል ዓመት ሲነዱ ያለ ምክንያት ጥሩንባ ሲነፉ አይቻቸው አላውቅም። አባ ኪሮስን ወደ ሰቆጣ ይምጡ አልናቸው፤ የሚሸኙት እስከዚህ መሆኑን ተናግረው መርቀውን በመጡበት መንገድ በእግራቸው ተመለሱ። እስኪሰወሩ ድረስ መኪናው እንዲነሣ አልፈቀድኩም።

ከተመለስን በኋላ

የቀረው መንገድ በዝማሬ አለቀ፤ ተመስገን እንኳ ዘፈነ፣ ድምፁ የማያምር ሆኖ ነው ለካ ዝም የሚለው። ከዚያ የማያልቅ ሥራ ተጀመረ፤ በቀይ ብርሃን ማጥለል፣ ማጠብ፣ በአሲድ ማጽዳት፣ የጨረሩን መጠን መለካት።

ከመሣሪያው ፊት የተቀመጥንበት ቀን ተመስገን ደሃና ፀሐይ ላይ ከተሰጣው አፈር ልጀምር አለ። ሰማያዊው ብርሃን ነካው። ስክሪኑ ላይ መስመሩ መሬት ለመሬት ሄደ፤ ምንም የለም፣ ጄሪካኑ ባዶ ነው። ቀጥሎ ፀሐይ ያላየውን አስገባ። መስመሩ ወደ ላይ ተወርውሮ ወጣ፣ ደምቆ፣ እንደ መጽሐፉ እየቀነሰ ወረደ። ሁለተኛውም እንደዚያ። ሦስተኛውም። ከአንድ ጉድጓድ፣ ከአንድ ንጣፍ የወጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ፀሐይ ብቻ ነው። የእኛ መሣሪያ እውነት እንደሚናገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ብንመኝ አናገኝም ነበር፤ ያንን ማስረጃ በግድ ያስያዙን አባ ኪሮስ ናቸው። ተመስገን እልል አለ። ወንድ ልጅ በጨለማ ክፍል ውስጥ እልል ሲል ሰምቼ አላውቅም። አቀፍኩት፣ በጨለማው ወንበር ገለበጥን።

ደጋግመን ለካን፣ ደጋግመን አሰላን። ውጤቱን ይዤ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ፤ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። “እዚህ? በእኛ ክፍል?” አለ። አዎ ስለው ተነሥቶ ጨበጠኝ፣ ለኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ አለ። ያን ዕለት ኮሪደሩን የሄድኩት አካሄድ ለሴትም ለዶክተርም የሚሆን አልነበረም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ደሳለ በስልኩ አባ ኪሮስን አገናኘኝ። ዙሪያቸውን ሰው እንዳለ ይሰማል።

“አባ፣ እርከኑ የዘመቻ ሥራ አይደለም። እስከ ሰባት ቤት ከሚቆጥሯቸው አያቶችዎ ሁሉ ይበልጣል።”

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በኽምጣኛ ተናገሩ፤ እልልታው ስልኩን ሞላው፣ የእማማ ስንዱ ድምፅ ከሁሉ በላይ ተሰማኝ። ጋብ ሲል ተመለሱልኝ።

“አንች ልጅ፣ ያ ሰፌድ ላይ ያሰጣነውሳ ምን አለ?”

“ምንም አላለም አባ። ባዶ ነው።”

“እሰይ!” አሉ። “እሱ ዝም ካለ የወንድሞቹ ቃል እውነት ነው።”

“ይህን ከእርስዎ አፍ ይስማው” አልኩና ስልኩን አጠገቤ ለነበረው ለተመስገን ሰጠሁት።